«ባቡሩ ስልክ የደወለልኝ ይመስላል»

ኮምፒውተር ጥገና ላይ ከተሰማራሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ መጥፎ አመል አለብኝ። ደንበኛ ችግሩን ሲነግረኝ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። ሌላው ግማሽ ወሬ ነው ብዬ እጄን ወደ ኪቦርዱ እሰዳለሁ።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሼ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፣ ቀዚራ ሰፈር ያደጉ። በአሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ናፍጣ ባቡር ሲነዱ ኖረዋል። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ላፕቶፕና የብሉቱዝ ሄድፎን ላከላቸው፤ ላፕቶፑ ላይ ደግሞ የባቡር ጌም ጭኖላቸዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር ነው። አሁን ጌሙን የሚከፍተው ግን ኦፕን ሬይልስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው።

ጌሙ ስድስት መስመሮች አሉት። እሳቸው ከአንዱ አይወጡም፤ ጃፓን ኪዩሹ ደሴት ላይ ካለው የሂሳትሱ መስመር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ጠባብ ሐዲድ ነው፣ ናፍጣ ነው፣ ዳገት ነው። ሌላ ምን ልፈልግ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ አሮጌ ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነበር፤ የጃፓኑ 1,067 ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው መጡ።

«ድምፁ ልክ አይደለም።»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ባቡሩ ስልክ የደወለልኝ ይመስላል።»

ሳቅሁ። ጥሩ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የለመድኩትን ጀመርኩ። የድምፅ ድራይቨሩን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ሪስታርት። ጌሙን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ድምፁን ከዙሪያ የመጣ የሚያስመስለውን ሰራውንድ አበራሁ። የድምፅ ማመጣጠኛው (ኢኳላይዘሩ) ላይ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ እስከ ጥግ ገፋሁት። በማግስቱ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ማንሻ ጨበጠ። ትንሽ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ደግሞ ስልኩ በርሜል ውስጥ ገባ።»

ይሄኔ ወደ መጨረሻው ምሽጌ ገባሁ፤ ዕቃውን መውቀስ። «ጋሼ፣ ሄድፎኑ ነው። ሌላ ይግዙ» አልኳቸው።

«አቦ ተወኝ! በሞባይሌ ዘፈን ስሰማበት እንደ ጉድ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና እንደ ተማሪ ያስረዱኝ ጀመር። «ስማ ልጄ። ነጂ የሚነዳው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ከታች ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ዳገቱ ሲከብደው ድምፁ ይወፍራል። ጎማው የሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ ይመታል፤ ዱግ-ዱግ፣ ዱግ-ዱግ። የአንዱን ሐዲድ ርዝመት ካወቅህ ምቱን ቆጥረህ ፍጥነትህን ታውቃለህ። ፍሬን ስትለቅ ደግሞ ከላይ አየሩ ጺስስ ይላል። እዚህ ላይ የታችኛውም የለም፣ የላይኛውም የለም። መሃሉ ብቻ ነው የቀረው።»

መሃሉ ብቻ። ደነገጥኩ። የድሮው ስልክ የሚያሳልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ድረስ ያለውን ነው። ለወሬ ይበቃል። የሞተር ጉርምርምታ ከዚያ በታች፣ የአየር ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ሰውየው እኮ ከመጀመሪያው ቀን ችግሩን በስሙ ጠርተው ነግረውኛል።

የድምፅ ሴቲንጉን ከፈትኩ። ዊንዶውስ 10 ላይ አንዱ ሄድፎን ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ ስቴሪዮ (ለዘፈን)፣ አንዱ ሃንድስ-ፍሪ (ለስልክ ጥሪ)። የተመረጠው ሃንድስ-ፍሪ ነው። ብሉቱዝ ዘፈን የሚያመጣበት መንገድ ጥራት አለው፣ ግራና ቀኝም አለው፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። የሄድፎኑ ማይክ ሲያስፈልግ ወደ ስልክ መንገድ ይቀየራል። ያኔ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናል፣ ድምፁም ይጠባል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ቤዝ ስጨምር የነበረው ጭራሽ ላልደረሰ ድምፅ ነው። ባዶ ድስት ማማሰል በሉት።

ሃንድስ-ፍሪውን ማን መረጠው? ይህን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሼ «ልጄ በቪዲዮ ሲደውል አይሰማኝም» ብለው መጥተው ነበር። ቸኩዬ ነበር። ሃንድስ-ፍሪ የሚለውን ዋና አድርጌ፣ «ሃሎ» ብዬ ሞክሬ፣ 300 ብር ተቀብዬ ሸኘኋቸው።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መውጫውን ወደ ስቴሪዮ መለስኩ። በሄድፎኑ ፕሮፐርቲ ውስጥ የሃንድስ-ፍሪ አገልግሎቱን አጠፋሁ፤ ለጥሪ የላፕቶፑ የራሱ ማይክ ይበቃል። ሰራውንዱንና ቤዙን እንደነበሩ መለስኩ። ኦፕን ሬይልስ ውስጥ የውጭው ድምፅ ነጂው ክፍል ውስጥ ምን ያህል ይሰማ የሚል ቁጥር አለ፤ እሱንም እሳቸው ራሳቸው እየሰሙ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

ሄድፎኑን አጠለቁ። ዝም። ከዚያ ጣታቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ሁለት ምት፣ ፋታ፤ ሁለት ምት፣ ፋታ። የሱቁ ልጆች ሥራ ትተው ያዩዋቸዋል። ጣታቸው ሲፈጥን ባቡሩ ቁልቁለት እንደያዘ እኔም ገባኝ።

«መጣ» አሉ። ከዚያ ጥሩንባውን ነፉና ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ጥሩንባው ግን ዘገየ። እጄ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።»

በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ ድረስ ትንሽ ይዘገያል። ለዘፈን ማንም ልብ አይለውም፤ እጁ ላይ ጥሩንባ ለያዘ ሰው ግን ይታወቃል። ከመሳቢያዬ ባለ ገመድ ሄድፎን አውጥቼ ሰካሁላቸው።

«ስንት ነው?» አሉኝ ኪሳቸውን እየዳበሱ።

«ምንም ጋሼ። ስጦታ ነው።»

«እንዴ! ስታበላሸው 300 አስከፍለኸኝ፣ ስታስተካክለው በነፃ?»

የሱቁ ልጆች ሳቅ ሳይበርድ ጋሼ ጥሩንባውን እንደገና ነፉ። አሁን እኩል ሆነ።