ሸተተ ተብሎ የተባረረው ልጅ

ባሕር ዳር ውስጥ የካናቢስ ሽታ አዲስ ነገር አይደለም። አመሻሽ ላይ በጣና ዳር ወክ የሚያደርግ ሰው ከዓሣው ጥብስና ከባሕር ዛፉ ጭስ መሀል አልፎ አልፎ ይሸተዋል። ጋንጃ በሉት ሃሺሽ፣ ብዙ ሰው ሽታውን ለይቶ ያውቀዋል፤ አውቃለሁ የሚል ግን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሽታውን ተከትሎ የሚመጣው ነው።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ተማሪ ከተከራየበት ግቢ እንዲለቅ ተደረገ። ጎረቤት ስለሆንኩ እዚያው ቡና ተጠርቼ ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ሁለተኛው ሊቀዳ ነው፣ ድንገት ከጓሮ በኩል ሽታው መጣ። የተቃጠለ ገመድ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ደግሞ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። አከራይዋ ጀበናውን አስቀመጡና "ምንድን ነው እሱ የሚሸተው?" አሉ። ሁሉም ስኒውን ማየት ጀመረ። ዕጣን ጨመሩ። አልበቃ ሲላቸው እንደገና ጨመሩ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ያኛው ግን ከዕጣኑም በላይ ሆነ። ማታውኑ ልጁን ጠርተው "የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ልጆች አሳድጋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ልቀቅልኝ" አሉት። "እትዬ፣ በማርያም እኔ አይደለሁም" አላቸው። "ተው እንግዲህ፣ ሸቶኛል" አሉት። በቃ። ክሱም ምስክሩም ፍርዱም ያው ሽታው ሆነ። ያን ዕለት ጓደኞቹም አብረውት ነበሩ፣ ማን እንዳጨሰ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሽታ ደግሞ የማይታመን ምስክር ነው። ሰውን የሚያደነዝዘው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር ራሱ ሽታ የለውም። የሚሸተው ሌላ ነው፤ ተርፒን የሚባሉ የዕፅዋት ዘይቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ ውስጥ አለ፤ ሌላው የሎሚ ልጣጭ ውስጥ። አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ክፍል በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች ድኝ ያለበት ውህድ መሆኑን አሳይተዋል፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ቢራ የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ከዚሁ ውህድ ነው። ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕ እና ካናቢስ ለነገሩ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ለገመድና ለጨርቅ የሚመረተው ሄምፕ ቲኤችሲው እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ እንደዚያው ይሸታል። ጭሱ ሲሆን ደግሞ ፀጉር ላይ፣ ጃኬት ላይ፣ ጋቢ ላይ ይቀመጣል፤ ካጨሰው ሰው አጠገብ የተቀመጠም ያው ይሸታል።

አሁን ደግሞ ስለሌላው ሽታ እናውራ። ማታ አረቄ አረቄ እየሸተተ የሚገባ ጎልማሳ "ትንሽ ቀምሶ ነው" ይባልለታል። ሚስቱ ላይ እጁን ቢያነሳ እንኳ ሽማግሌ ይገባል እንጂ ከግቢ ልቀቅ የሚለው የለም። ጫቱማ እዚሁ ዙሪያችን ይበቅላል፣ በፌስታል ተንጠልጥሎ በጠራራ ፀሐይ ያልፋል። ፀጉሩን ድሬድ ያደረገ ወጣት "የሻሸመኔ ልጅ ሆነ" ተብሎ ይጠቋቆሙበታል፤ ያንኑ የመሰለ ፀጉር ያለው ባሕታዊ ሲያልፍ ደግሞ ብድግ ብለን እናሳልፋለን። ራስ ተፈሪያኑ ዕፁን ከእምነታቸው ጋር አያይዘው ይጠቀሙበታል፤ ጎጃም ያለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ባብዛኛው ጓደኛው ስለሰጠው፣ ወይ ሥራ ፈትቶ ስለከፋው፣ ወይ እንቅልፍ እምቢ ስላለው ነው የሚያጨሰው። እነዚህን አንድ ላይ መጠቅለል ምንም አይጠቅምም።

እኔ ይፈቀድ እያልኩ አይደለም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረቱንም መሸጡንም መጠቀሙንም ይከለክላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጀርመን በ2024 ፈቅደዋል ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚከራከር ልጅ ባሕር ዳር ላይ ሲያዝ ያ ክርክር አያወጣውም። ከሕጉም በላይ የሚያስፈራኝ ጤናው ነው። በለጋ ዕድሜ ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ ኃይለኛውን ዓይነት ማጨስ ከእውነታ የሚያስወጣ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ በዘሩ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ። ይሄ የሽማግሌ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሐኪሞች ለብዙ ዓመት ያጠኑት ነው።

ታዲያ ለዚህ እኮ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ሽታው ብቻውን ልጅን ከቤት የሚያስወጣ ከሆነ፣ ልጁ ማጨሱን አይተውም፣ ሽታውን መደበቅ ነው የሚማረው። ማስቲካ፣ ሽቶ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ፣ ማታ ማታ። ቤተሰቡም ገበናዬ ወጣ ብሎ ይደብቃል፣ ልጁ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ጸበል ይወስደዋል፤ ጸበሉ ይሁን፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሁሉ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ሐኪሙ "መቼ ጀመረ?" ሲል የሚመልስ የለም። ማንም አልጠየቀውማ።

ባለፈው አንዲት እናት የልጄ ሹራብ ሸተተኝ፣ ምን ላድርግ ብለው ጠየቁኝ። አባቱ ከሰማ ያባርረዋል ብለው ፈርተዋል። የነገርኳቸው ይሄን ነው። እማማ፣ መጀመሪያ ራቱን ያብሉት፣ ጎረቤት በሌለበት። ከዚያ ሳይጮኹ ይጠይቁት፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን ጋር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ሲያጨስ ምን ይሰማዋል። አንዴ ሞክሮ ከሆነ ንግግሩ ራሱ ይበቃው ይሆናል። በየቀኑ ከሆነ፣ ያለሱ እንቅልፍ እምቢ ካለው የጤና ባለሙያ ያናግሩ። ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ለሐኪሙም የሚያጨሰውን ሳይደብቁ ይንገሩ። ለአባቱ መንገሩ ከከበደዎት ደግሞ እኔው መጥቼ አብሬዎት እነግራለሁ ብያቸዋለሁ። ለእሑድ ተቀጣጥረናል።