«ንጹሕ ጤፍ ነው፤ ትንሽ ፉርኖ ብቻ ነው የገባበት»

ፍራንክፈርት ውስጥ ስንዴ የማይበላ ሐበሻ ሆኖ መኖር ከጀርመኖች ጋር ይቀላል፤ የሚከብደው ከእኛው ጋር ነው። ይህን የምለው ወገኖቼን ለማማት አይደለም። ጀርመኑ የሚሸጠው ነገር ሁሉ ላይ ጽሑፍ አለ። እኛ ዘንድ ያለው ቃል ነው፤ ቃሉም ከእንግዳ አክባሪነት ጋር ተለውሶ ስለሚመጣ እውነቱን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል።

ሕመሜ ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስ እና ጀርመኖች ጥቁር ዳቦ በሚጋግሩበት ሮገን በተባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ወደ ሆዴ ሲገባ የሰውነቴ መከላከያ ዞሮ የገዛ አንጀቴን ያጠቃል። ምግብ የሚመጠው የትንሹ አንጀት ግድግዳ እየተጎዳ ሲሄድ ብረትም ሆነ ሌላው ንጥረ ነገር ሳይመጠጥ ያልፋል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር «ጨጓራ ነው» ይባል ነበር። እኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ዋናው ማዕዴ የጤፍ እንጀራ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም ያን ያህል ሳልጎዳ የቆየሁት። ጀርመን መጥቼ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ ስጀምር ቁርሱ ዳቦ፣ እራቱ ዳቦ፣ ለናፍቆት ማስታገሻ የምገዛው እንጀራም ስንዴ የበዛበት ሆነ። የብረት ኪኒን ብውጥ ብውጥ ደም ማነሱ አልለቅ አለኝ። በመጨረሻ የቤተሰብ ሐኪሜ የደም ምርመራ አዘዘች፤ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ ከአንጀቴ ናሙና ተወሰደ። ሁሉም እስኪያልቅ ዳቦ መብላቴን እንዳላቆም አጥብቃ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አስቀድሞ ያቆመ ሰው በምርመራው ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ሱፐርማርኬቱን ቶሎ ለመድኩት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አለርጂ የሚያስነሡ 14 የምግብ ዓይነቶች በማሸጊያው ላይ ከሌላው ጽሑፍ ጎልተው መታየት አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ በደማቅ ፊደል ይታተማሉ። ስለዚህ ጀርመንኛው ባይደላደልም ደማቆቹን ቃላት መፈለግ ነው። ቫይጸን ካለ ስንዴ አለበት፣ ጌርስተ ካለ ገብስ። «ግሉተን የለውም» ተብሎ እንዲጻፍበት ደግሞ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ያለበት ምልክት ካየሁ ጽሑፉን ሳላነብ ቅርጫቴ ውስጥ እከተዋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ምግብ ቤት ውስጥም ከየምግቡ አጠገብ ምን እንዳለበት የሚያመለክት ፊደል ይጻፋል። ድንች ጥብሱን ግን አልነካውም፤ ዱቄት ለብሶ የተጠበሰው ሥጋ የገባበት ዘይት ውስጥ ነው የሚጠበሰው።

ጀርመኖቹም ቢሆኑ ዲንክል ላይ ሲደርሱ ይሳሳታሉ። ዲንክል የስንዴ ዘር ነው፤ ነገር ግን «ለሆድ ይስማማል» የሚል ስም ስላተረፈ ስንዴነቱ ተረስቷል። የሥራ ባልደረባዬ ለልደቴ «ለአንቺ ብዬ» ብላ የዲንክል ኬክ ጋግራ መጥታ ነበር። አመስግኜ ቡናዬን ብቻ ጠጣሁ።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይጠባል። እዚህ አገር የጾም ምግብ ሞልቷል፤ ቪጋን ብለው ይጽፉበታል። ችግሩ ሥጋ አስመስለው ከሚሠሯቸው ነገሮች ብዙዎቹን ሥጋ የሚያስመስላቸው ያው ግሉተን መሆኑ ነው። ሳይታን የሚሉት የስንዴ ሊጥ በውኃ ታጥቦ ስታርቹ ሲወጣለት የሚቀረው ግሉተን ራሱ ነው። ወደ ግሉተን አልባው መደርደሪያ ስዞር ደግሞ ዳቦው እንዳይፈረፈር የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ዱቄት የገባበት ይበዛል። በዐቢይ ጾም የማያስገድፍ ግን የሚያሳምም እሽግ በአንድ እጄ፣ የማያሳምም ግን የሚያስገድፍ እሽግ በሌላው እጄ ይዤ ስቆም የሚያየኝ ሰው ዋጋ የማመዛዝን ሊመስለው ይችላል። ሁለቱንም መልሼ ወደ ምስሩ እሄዳለሁ።

«ለታመመ ሰው ጾም የለበትም» የሚሉኝ አሉ፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከስንዴ እስከራቅኩ ድረስ ጤነኛ ነኝ፤ 55ቱን ቀን መጾም ስችል በሕመም ስም ቅቤ መብላት አልፈልግም። ስለ ቁርባን ከነፍስ አባቴ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም።

ምስሩም ቢሆን ይለቀማል። እናቴ ጠጠር ነበር የምትፈልገው፤ እኔ የምፈልገው ገብስና ስንዴ ነው። በአንድ ማሽን የሚበጠሩና የሚታሸጉ እህሎች መቀላቀላቸው አይቀርም። ድፍን ምስር ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ በትንሽ ዘርግቼ በመስኮቱ ብርሃን በጣቴ እገፋዋለሁ። ምስሩ ጠፍጣፋና ክብ ነው። የስንዴዋ ፍሬ ሞላላ ናት፤ ገልበጥ ስትል በሆዷ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ስንጥቅ ይታያል። አንዳንድ እሽግ ውስጥ ምንም አይገኝም፤ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ አንዷን ካገኘሁ በኋላ መላውን እንደገና እጀምረዋለሁ።

ከአገር ቤት የሚመጣውም የራሱ ጣጣ አለው። እኅቴ ሰው በተገኘ ቁጥር ሽሮ ትልክልኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወፍጮ ቤት ከእሷ በፊት የተሰለፈው ሰው ምን እንዳስፈጨ ማን ያውቃል? ገብሱም፣ ስንዴውም፣ ሽምብራውም የሚገባው በአንድ አፍ ነው። አሁን የምትልክልኝ ቅመሙ የተሰናዳ የሽሮ ክክ ነው፤ እሱንም ለቅሜ እዚህ ለዚሁ ብቻ በገዛኋት መፍጫ እፈጨዋለሁ። እንደ ወፍጮ ቤቱ አይልምም፤ ወጡ ትንሽ ሻካራ ይሆናል፤ ለምጄዋለሁ። ለፍስክ የሚሆን ቅቤ ግን አይታሰብም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት የስንቱ እናት ንጥር ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ቀርቷል። የጀርመኑን ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት አነጥራለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጎረቤቴ መስኮት ትከፍታለች።

ወደ እንጀራው ልምጣ። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ እህል ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ስደት ላይ ያለው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከጤፍ ይልቅ ጀርመኖች 405 ብለው ቁጥር የሰጡት ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። የጤፍ ዱቄት ውድ ነው፣ ክረምቱ ሊጥ አያስነሣም፣ ስንዴ ሲገባበት ደግሞ እንጀራው ይለሰልሳል፣ ዓይኑም ያምራል። የማይገባኝ መልሱ ነው። ምግብ ቤት ገብቼ «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይ?» ስል «አዎ፣ ንጹሕ ጤፍ ነው» እባላለሁ። ዝም ብዬ ስጠብቅ «እንዲያያዝ ብለን ትንሽ ፉርኖ ብቻ ነው የገባበት» ይከተላል። አንዷ ባለቤት እንዲያውም ተቆጥታኝ «ታዲያ ስንዴ ቆሻሻ ነው እንዴ?» ብላኛለች። ስለዚህ መጠየቁን ትቼ ወደ መጋገሩ ገባሁ።

የምጠቀመው ጤፍ የተሰረዘችው ዛላ ያለችበት፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተመረተ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ በእህልነቱም በዱቄትነቱም ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ ክልከላው የላላው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም በመጠኑ ነው። በዚያው ዘመን አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የአገር ቤቱ ጤፍ እገዳው ሥር ሳለ ሆላንዶቹ ዘርተው፣ አስመርምረው፣ ምልክት አስለጥፈው ሸጡ። ሌላ ቦታ የተረጋገጠ ነገር ስላጣሁ እገዛቸዋለሁ።

እርሾም ከሰው አልቀበልም፤ የሰው እርሾ ውስጥ የሰው ስንዴ አለ። የመጀመሪያውን ከዱቄትና ከውኃ ብቻ አስነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከየቡኮው እያስቀረሁ እቀጥላለሁ። ክረምት ላይ ሊጡን ማሞቂያው አጠገብ አኖረዋለሁ፤ ከላይ የሚጠለውን ውኃ ደፍቼ አብሲት እጥልበታለሁ፤ ኩፍ ብሎ መለስ ሲል እጋግራለሁ። አብሲት የተዘለለበት ንጹሕ ጤፍ በማግሥቱ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፤ አብሲት የገባበት ግን ሳይፈረካከስ ይጠቀለላል። ምጣዱም ማሰሻውም የእኔ ብቻ ናቸው። ለአንዲት ጓደኛዬ ምጣዴን አላበድርም ስላት ተቀይማኝ ነበር፤ አሁን ታርቀናል።

ከባዱ ማኅበር ነው። የራሴን እንጀራ ይዤ ብሄድም ማዕዱ አንድ ነው፤ የሁሉም እጅ ስንዴ ያለበትን እንጀራ ቆርሶ ወጡ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ ጉርሻ አለ። ለብቻዬ ሳህን ይዤ ስቀመጥ «ኮራች» ተባለ፣ «ፈረንጅ ሆነች» ተባለ። ከቅዳሴ በኋላ የሚቆረሰውን ዳቦ እምቢ ስል አንዲት እናት «በስመ አብ ብለሽ ቅመሽው ልጄ፣ ምንም አይልሽም» አሉኝ። «እማማ፣ በስመ አብ እያልኩ ስበላው ነው ሆስፒታል የደረስኩት» አልኳቸው። ስቀው ተዉኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ማኅበር ላይ ድስቱ ሲከፈት ማንም ጭልፋ ሳያነሣ «የዚህችን ልጅ ቅድሚያ ቅዱላት» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ሊያጎርሰኝ የሚነሣውን ሰው እጁን ይዘው የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው፤ በእሳቸው ዕድሜ ሲሆን ማንም አይቀየምም።

የቀረኝ ሙግት ከሐበሻ ሱቆች ጋር ነው። ጀርመን ውስጥ ሳይታሸግ የሚሸጥ ምግብ እንኳ አለርጂ የሚያስነሣ ነገር ካለበት ለገዢው መገለጽ አለበት። በየላስቲኩ የሚሸጠው እንጀራ ላይ ግን ምንም የለም፤ ካለም «ጤፍ» ብቻ ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለ አንድ ባለሱቅ ደጋግሜ ስነዘንዘው ታክቶት በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ፤ አንዱ ላይ «ጤፍ»፣ ሌላው ላይ «ጤፍና ስንዴ»። ባለፈው ገበያው ቀነሰበት እንደሆነ ጠየቅኩት። ስንዴ ያለበት ይበልጥ እየተሸጠ ነው አለኝ፤ ርካሽም ለስላሳም የትኛው እንደሆነ ሰው አሁን አወቀ።