አምፖሉን ሳላይ የቀባሁት ሳሎን

ስልኬ የጮኸው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገና ቤት ገብቼ ክርኔ ላይ የደረቀውን ቀለም በጋዝ እየፈተግኩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ የቀባኸው ቀለም ተቀይሯል።»

«ሲስተር፣ ቀለም እንዴት ይቀየራል?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀን ሌላ ነበር፣ አሁን ሌላ ነው። ነገ ና። ቀን እንዳትመጣ፣ ማታ ነው የምትመጣው።»

ስልኩን ስዘጋ ፈገግ ብዬ ነበር። ደንበኛ እንዲህ ሲደነግጥ አዲሴ አይደለም። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ እያለ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። ያኔ ሰው ይደውላል። «ይለምዱታል» አልኩና ክርኔን መፈተጌን ቀጠልኩ።

ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ቤታቸው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከመስኮቱ ሲያዩ ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ይታያል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንደ ልማዴ ክሬም ነበር ያቀረብኩላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎን ማለት ክሬም ማለት ነው። ቢሰለቸንም እንጀራችን ነው።

እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ኩሽና ገቡ። ዕቃ ሊያጥኑበት ያስመጡትን የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ተመለሱ። አንድ ቅጠል ቀንጥበው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ፊቱን እይ። አሁን ገልብጠህ ጀርባውን እይ።»

ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ያብለጨልጫል። ጀርባው ግን ወርቅ የነካው ቡኒ ነው። ስንት ዘመን ወይራ ሲታጠን እያሸተትኩ የቅጠሉን ጀርባ ልብ ብዬ አላውቅም።

«ፊቱ ላይ ጀርባው ትንሽ ፈሰስ ቢልበት የሚመጣውን ቀለም ነው የምፈልገው» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ተራራው ጠቆሙ። «ያንን ግን አደራ። ባሕር ዛፉ ሰማያዊ አለበት፣ ይበርዳል። እኔ ዕድሜዬ ያለቀው የኦፕሬሽን ክፍል አረንጓዴ ጨርቅ ሳጥፍ ነው። ያንን አረንጓዴ ቤቴ ውስጥ እንዳላየው።»

እውነት ለመናገር ሥራው ጣመኝ። ሁለት ቀን ስበጠብጥ ዋልኩ። ብዙ ሰው አረንጓዴን የሚያሞቀው ቢጫ ብቻ ይመስለዋል። ቢጫ ብቻ ከጨመርክበት እሸት በቆሎ ይሆንብሃል። ወደ አፈር የሚያደላ ቢጫ ትጨምራለህ፣ ከዚያ ቡኒ ጠብ ታደርጋለህ፣ በጣም ትንሽ። ቀይ ያለበት ነገር የአረንጓዴን ጩኸት ያበርደዋል። ከበዛ ደግሞ ጭቃ ነው። አንድ ጋሎን እንዲህ ጭቃ አድርጌ ደፍቻለሁ፣ ለሲስተር ግን አልነገርኳቸውም።

ናሙናውን ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀባሁና በረንዳ ላይ አወጣሁት። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አለ። ሲስተር ቅጠሉን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። ቅጠሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። «ይኼ ነው!» ብለው አጨበጨቡ። እኔም ኮራሁ።

የቀረው ጉልበት ነው። ጥቁር ቀለም ነውር አይደብቅም፣ ስለዚህ ስቱኮውን ደጋግመን በብርጭቆ ወረቀት ላግን። ነጩ ከሥር እንዳያሾልክ መጀመሪያ አመድማ ቀለም አለበስነው። ከዚያ አረንጓዴውን ሦስት እጅ። የሳሎኑን ቀለም በሙሉ አንድ በርሜል ውስጥ ነው ያዋሃድኩት፣ ምክንያቱም በእጅ የተበጠበጠ ቀለም ካለቀ ሁለተኛ አይገኝም። ሁሌ ቀን ነበር የምንሠራው። 11 ሰዓት ሲሆን ዕቃችንን ሰብስበን ታክሲ እንሻማለን። አንድም ቀን እዚያ ቤት አልመሸብንም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ማታ ከረዳቴ ጋር ሄድኩ። በሩ ተከፈተ። ገብቼ ቀና ስል ክው አልኩ።

መሃል ኮርኒሱ ላይ አንድ አምፖል አለ። ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ። ግድግዳው ወይራነቱ ጠፍቶ በርዷል፣ ሰማያዊ ገብቶበታል። ጥጋጥጉ ደግሞ ጥቁር ነው። ሲስተር ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

እንደ ሰው ማመን ነበረብኝ። እኔ ግን ሙግት ጀመርኩ። «ሲስተር፣ ያው እርስዎ የመረጡት ነው። ካርቶኑ ይምጣ።» ካርቶኑ መጣ። እሱም እንደ ግድግዳው በርዷል። ሲስተር ምንም ሳይሉ ከኩሽና ቅጠል አምጥተው ከካርቶኑ ጎን ያዙት። ቅጠሉም ታሟል! የእግዜር ወይራ አምፖሉ ሥር ገርጥቶ የኦፕሬሽን ጨርቅ መስሏል።

ይኼ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ግን ያልተቀበልኩት ቀሪ ክፍያ አለኝ፣ ረዳቴም ይጠብቃል። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እሳቸው ረጋ ብለው «ገንዘብህን አልከለክልህም። ግን እዚህ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቡና አልጠጣም» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኼን እያወራን መብራት ሄደ።

ሰፈሩ ሁሉ አንድ ጊዜ «ውይ!» አለ። ሲስተር እየዳበሱ ሻማ ፈልገው ለኮሱና የቡና ስኒ ማስቀመጫው ላይ አቆሙት። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ግድግዳው ከሻማው ጀርባ ቀስ እያለ ሞቀ። ቡኒው ወጣ፣ ወርቁ ወጣ። ጥግ ላይ የተሰቀለው ሞሰብ ቀዩና ቢጫው ፍንትው ብሎ ታየ። የሸክላው ጀበና ሳይቀር አምሮበታል።

ረዳቴ ነው ዝምታውን የሰበረው። «መብራት ሄደ፣ ቀለሙ መጣ!»

ሲስተር ሳቁ። እኔ በጨለማው ተከልዬ አፈርኩ።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ለሚያየው። ግድግዳ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የሰጡትን ነው የሚመልሰው። የአምፖል ካርቶን ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚናገር፣ በኬልቪን የሚጻፍ ቁጥር አለ። ሻማ ወደ 1,900 ነው። ቢጫ ብርሃን የሚሰጡት አምፖሎች ከ2,700 እስከ 3,000 ናቸው። የሲስተር አምፖል 6,500 ነበር። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እኔ ሁለት ቀን ለፍቼ የጨመርኩት ቢጫና ቡኒ ደግሞ ቢጫና ቀይ ብርሃን ካላገኘ ምን ይመልስ? ክሬም ሳሎን ይኼን ይችለዋል፣ ቢበዛ ገርጣ ይላል። ጥቁር አረንጓዴ ግን ያኮርፋል።

ሌላም አለ። አንዳንድ የቀለም ካታሎግ ላይ ኤልአርቪ የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀለሙ ስንት ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 ይነግራችኋል። ነጭ ከ80 በላይ ነው፣ እንዲህ ያለው አረንጓዴ 10 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች። ድሮ ያንን ሳሎን አንድ አምፖል ያበራው የነበረው ግድግዳው ራሱ ስለሚያግዘው ነው። እኔ ያንን ረዳት አባርሬ፣ አምፖሉን ብቻውን ትቼው ሄጃለሁ።

በነገራችን ላይ የውጭ ምክር እዚህም እንዳለ አይሠራም። «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም፣ ጥቁር ቀለም አትቀቡት» ይላሉ። የሲስተር መስኮት የሚያየው ወደ ሰሜን ነው። እኛ ግን የምድር ወገብ አጠገብ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ክረምት ላይ ደመናው ካልሸፈናት መስኮታቸው ድርሻውን ያገኛል።

በማግስቱ ቢጫ አምፖሎች ገዝቼ ሄድኩ። አንዱን ኮርኒሱ ላይ፣ ሁለቱን ጥግና ጥግ በጠረጴዛ መብራት። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ግን አስቸገረ። ቀን ብርሃኑ ከመስኮቱ ዓይን ላይ ስለሚመጣ፣ ዙሪያው ያለው አረንጓዴ ከሰል ይመስላል። እሱ በአምፖል አይድንም። በሲስተር ምርጫ ሞቅ ያለ ነጭ ቀባሁት፣ ቀለሙም ጉልበቱም ከኔ ኪስ። የአምፖሎቹንም አልተቀበልኳቸውም። ቀሪ ክፍያዬን በፖስታ አድርገው ሰጡኝ፣ ቤት ገብቼ ስቆጥረው የአምፖሎቹን ዋጋ ጨምረውበታል።

ያን ቀን ስንወጣ ረዳቴ የድሮውን ነጭ አምፖል ሊጥለው ከቆሻሻው ጋር አነሳው። ሲስተር ከእጁ ቀሙት።

«ስጠው ወዲህ! ኩሽና ነው የምሰቅለው። ኦፕሬሽን ክፍል ከሆነ አይቀር እዚያ ይሁን፣ ሽንኩርት የምከትፈው እዚያ ነው።»