የመምህሩ ፎቶ እና አምስቱ ስሞች

«ልጄ፣ ፋይልዎ ትክክል አይደለም ይለኛል። ምኑ ነው ትክክል ያልሆነው?»

ባለፈው ሐሙስ ነው። የደወሉት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ መምህር ናቸው። የእኛ ቡድን በሠራው የማመልከቻ መቀበያ የዲፕሎማቸውን ፎቶ ሊያስገቡ ሞክረው ሦስት ጊዜ መልሶባቸዋል። አራተኛው አለፈላቸው። ግን ማመልከቻውን የሚመረምረው ክፍል «ሰነዱ አይከፈትም» ብሎ መለሰው።

ፋይሉን ከሰርቨር አውርጄ አየሁት። ምንም አልሆነም። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ማኅተሙ ይነበባል፣ ፊርማው ይነበባል። ጥፋቱ የእኛ ኮድ ውስጥ ነው፤ ያንን ክፍል የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የተማርኩትን ሳልረሳው ልጻፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። ፎቶውን ያነሳችላቸው ልጃቸው ናት፣ በአይፎኗ። አይፎን ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ቅንብሩን ካልቀየሩት በቀር ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው። የእኔ ላይብረሪ፣ ማለትም የሚመጡትን ፋይሎች ዓይነት የሚለየው የኮድ ክፍል፣ ሄይክ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው አምስት ስም ብቻ ነው፤ ፒዲኤፍ፣ ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ የወርድ ሰነድ እና ዚፕ። አምስቱን ኢነም (ከተቆጠሩ ስሞች ውጭ የማይቀበል የኮድ ዝርዝር) አድርጌ ቆልፌባቸዋለሁ። ከእነሱ ውጭ የሆነ ሁሉ «ትክክል ያልሆነ ፋይል» ይባላል።

መምህሩ ሲቸግራቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። እዚያ ያለው ልጅ ሊረዳቸው ብሎ የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ጄፒጂ ቀየረላቸው። ይዘቱ ያው ሄይክ ነው። ላይብረሪዬ ግን ስሙን አይቶ «ጄፔግ ነው» ብሎ አሳለፈው። መርማሪው ቆየት ባለ ዊንዶውስ ሊከፍተው ቢሞክር እምቢ አለ። እውነተኛ ስሙን ይዞ ሲመጣ መለስነው። የውሸት ስም ለብሶ ሲመጣ አስገባነው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እህል በረንዳ የሄደ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ጆንያው ላይ «ስኳር» ተብሎ ታትሟል፣ ውስጡ ጤፍ ነው። ጆንያ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ጽሑፉን የሚቀይርለት የለም። ነጋዴው ግን ጽሑፉን አያይም። አፉን ፈትቶ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ያየዋል። የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት አራት ፊደላት የጆንያው ጽሑፍ ናቸው። እፍኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባይቶች፣ ማለትም ፋይሉ የተሠራባቸው ቁጥሮች፣ ናቸው።

ባይቶቹ ብዙ ይናገራሉ። የጄፔግ ፋይል በ255፣ 216፣ 255 ይጀምራል። ፒዲኤፍ በ37፣ 80፣ 68፣ 70። የፒኤንጂ መነሻ ስምንት ባይት ነው፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። እነዚህ ስምንት ቁጥሮች እንዴት ታስቦባቸው እንደተመረጡ ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። 137 በ7 ቢት ሊጻፍ ከሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ከ127፣ በላይ ነው፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ እያንዳንዱን ባይት ወደ 7 ቢት በሚቆርጥ መስመር ካለፈ ወዲያው ይታወቃል። 13 እና 10 የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ናቸው፤ አንድ ፕሮግራም ጽሑፍ መስሎት ሊያስተካክላቸው ከነካካ ይጋለጣል። 26 ደግሞ ዶስ በሚባለው የድሮ የኮምፒውተር ሲስተም ላይ አንድ ሰው ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቢከፍተው እዚያው እንዲቆም የተቀመጠ ነው። ፋይሉ ስሙን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ በጉዞው ላይ የደረሰበትንም ጭምር ይናገራል።

ሄይክ ራሱ የሚታወቀው ትንሽ ገባ ብሎ ነው፣ ከአምስተኛው ባይት ጀምሮ። ማየት ለፈለገ ሁሉም እዚያው ነበር። እኔ አላየሁም።

ለምን ኢነም መረጥኩ? ምክንያት ነበረኝ፣ ምክንያቱም መጥፎ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የፋይል ዓይነትን እንደ ተራ ስትሪንግ፣ ማለትም እንደመጣ የሚቀመጥ ጽሑፍ፣ ነበር የምናስቀምጠው። ብራውዘሩ የላከውን ማይም ታይፕ (የፋይሉን ዓይነት የሚናገር መለያ ስም) ተቀብለን ዳታቤዝ ውስጥ እንከታለን። ከዚያ ጉዱ ወጣ። አንዱ «ኢሜጅ/ጄፔግ» ይላል፣ ሌላው «ኢሜጅ/ጄፒጂ» ይላል። የተመዘገበው ስም የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በልማድ የገባ ነው። አንዱ በትልቁ የላቲን ፊደል ይመጣል፣ ሌላው በትንሹ። በደንቡ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የእኛ ኮድ ግን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ከሁሉ የባሰው የወርድ ሰነድ ነው። ሙሉ ስሙ በላቲን ሲጻፍ 71 ፊደልና ምልክት ነው። ዳታቤዛችን ላይ የሰጠነው ቦታ 50 ነበር። ዳታቤዙ ምንም ሳይናገር እየቆረጠ ያስቀምጠው ነበር። የተቆረጠው ስም ከየትኛውም ጋር አይመሳሰልም። ሰዎች ያስገቡት ደብዳቤ «ያልታወቀ» ሆኖ ይቀራል።

በዚያ ተማርሬ ነው አምስት ስም መርጬ የቆለፍኩት። ስሕተት መጻፍ የማይቻልበት ኮድ ፈለግኩ። ያሰብኩት ስለ ፕሮግራመሩ ነው። ማዶ ፎቶ ስለሚልከው ሰው አላሰብኩም።

የማይም ታሪክ ይህን ቀድሞ ያስተምር ነበር። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1992 ደንቡን ሲያወጡ ኢሜይል የሚሸከመው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር። እነሱ ምስልም፣ ድምፅም፣ የሌላ አገር ፊደልም እንዲላክ ፈለጉ። ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ክፍል ያለው ስም አበጁ፤ ከጭረቷ በፊት ወገኑ፣ ከጭረቷ በኋላ ዝርዝሩ። ወገኖቹ ጥቂት ናቸው፤ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ እያለ ይሄዳል። ዝርዝሩ ግን ክፍት ነው። አዲስ ነገር ያመጣ ያስመዘግባል፤ መዝገቡን የሚይዘው አያና የሚባለው የኢንተርኔት ስሞችና ቁጥሮች መዝጋቢ ነው። ፎንት ራሱን የቻለ ወገን የሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ደንቡ ከወጣ ከ25 ዓመት በኋላ። እንዲህ ያለውን ክፍት መዝገብ በአምስት ስም መዝጋት እንደማይቻል ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ዓርብ ዕለት ከቡድናችን ታናሽ ጋር ተቀመጥን። ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፣ ግን ጥያቄ መጠየቅ ታውቃለች።

«ታዲያ ለምን ወደ ስትሪንግ አንመለስም?» አለችኝ።

«ያው ችግር ይመለሳላ።»

«ሄይክን ስድስተኛ አድርገህ ብትጨምረውስ?»

«ነገ ሰባተኛው ይመጣል።»

ዝም ብላ ቆየችና «አንድ ፋይል ስንት ዓይነት አለው?» አለች።

አንድ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። መልሱ አንድ አይደለም። ላኪው «ይህ ነው» ብሎ የነገረን አለ። ባይቶቹን አይተን ያገኘነው አለ። ሁለቱን አመዛዝነን እኛ የወሰንነው አለ። የመምህሩ ፋይል ላይ የመጀመሪያው ጄፔግ ይላል፣ ሁለተኛው ሄይክ ይላል። እኛ አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረን አንዱን ጽፈን ሌላውን ጣልነው። ከጣልነው በኋላ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ አይቻልም።

አዲሱ ላይብረሪ ከዚህ ጥያቄ ነው የተወለደው። የፋይል ዓይነት አሁን ኢነም አይደለም፣ ስትሪንግም አይደለም። ስትራክት ነው፤ ወገን፣ ዝርዝር እና ተጨማሪ መግለጫዎች አሉት። ሲፈጠር ፊደሉን ያስተካክላል። «ጄፒጂ» ብለው ቢሰጡት «ጄፔግ» መሆኑን ያውቃል፣ የተሰጠውን ግን አያጠፋም። የታወቁትን ዓይነቶች በስም መጥራት ይቻላል፣ የማይታወቅ ከመጣም ይቀበላል። ዳታቤዙ ላይ ያለው ቦታ 255 ሆኗል። ደንቡ ለወገኑ 127፣ ለዝርዝሩ 127 ይፈቅዳል፤ ጭረቷ ስትጨመር ልክ 255 ነው። ተጨማሪ መግለጫዎቹ ለብቻቸው ይቀመጣሉ።

ከአፕል የወሰድኩት አንድ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የዓይነት መለያ ፍሬምወርክ ውስጥ ዓይነቶች እንደ ዘር ሐረግ ናቸው። ጄፔግ የምስል ልጅ ነው፣ ሄይክም የምስል ልጅ ነው። «ይህ ጄፔግ ነው?» ከማለት «ይህ ከምስል ወገን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የእኛ ሲስተም ከመምህሩ የፈለገው ምስል ነው። ጥያቄያችን እንዲህ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ያልፉ ነበር፤ ወደ ጄፔግ መለወጡ የእኛ የውስጥ ሥራ ይሆን ነበር።

የዘር ሐረጉ ግን ሁልጊዜ አንድ አባት የለውም። ኤስቪጂ ምስል ነው፤ በዚያው ደግሞ የኤክስኤምኤል ጽሑፍ ነው። ውስጡ ስክሪፕት፣ ማለትም ሲከፈት የሚሠራ ኮድ፣ ሊይዝ ይችላል። «ምስል ነው» ብሎ ዓይን ጨፍኖ መክፈት አደጋ አለው። የአሁኑ የወርድ ሰነድም (ዶክኤክስ) እንዲሁ ነው፤ ሲከፈት ዚፕ ነው። የመጀመሪያ ባይቶቹ 80 እና 75 ናቸው፣ ዚፕን የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደሎች። የአንድሮይድ አፕም፣ ኢፐብ መጽሐፍም በእነዚያው ይጀምራሉ። እዚህ ላይ እፍኝ አይበቃም፤ ጆንያው ውስጥ እጅን እስከ ክርን ማስገባት ያስፈልጋል።

ትናንት ከሰዓት ከታናሿ ጋር ትንሽ ተከራከርን። የማይታወቅ ፋይል ሲመጣ ምን እንበለው? እሷ «አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም እንበለው፣ ደንቡ ለዚህ ያስቀመጠው ነው» አለች። እኔ አልተስማማሁም። ያ ስም «ባይቶች ናቸው» ማለት ነው፤ ላኪው ራሱ እንዲህ ብሎ ሊልክ ይችላል። «አላወቅንም» ማለት ሌላ ነገር ነው። «አላወቅንም» የራሱ ቦታ ይኑረው ብዬ ጸናሁ። በመጨረሻ ተስማማችልኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አላወቅንም ስንል ስሕተቱን ተጠቃሚው ላይ እንዳንለጥፍ። ልክ ናት።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል። መሞከሪያ ከሰበሰብኳቸው ፋይሎች መካከል በአማርኛ የተጻፉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች አሉ። ዓይነታቸው «ቴክስት/ፕሌን» ነው። በየትኛው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመለወጫ ዘዴ) እንደተጻፉ የሚናገር መግለጫ የላቸውም። በጥንቱ ደንብ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አስኪ፣ ማለትም የቆየው የእንግሊዝኛ ፊደል ኢንኮዲንግ፣ ነው ተብሎ ይገመታል። አስኪ 128 ቦታ አለው፤ አንዱም የእኛ ፊደል አይደለም።

ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው የጋራ መዝገብ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ በሆነው በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 176፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 139፣ ከዚያ 225፣ 136፣ 157። ሁሉም በ225 ይጀምራሉ። ሁለተኛው ባይት ለመደበኛው የግዕዝ ፊደል ሁልጊዜ ከ136 እስከ 141 ነው። ይህን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ። ላይብረሪው አሁን ይህን አይቶ «ይህ የእኛ ጽሑፍ ነው» ማለት ይችላል። ኢንኮዲንጉን የሳተ ፕሮግራም ግን ያንን 225 ሁሉ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ አድርጎ ያሳየዋል። በዚያች ፊደል የተሞላ ገጽ ያላየ አማርኛ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያም በፊት የተጻፈ አለ። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፉ ስንት ደብዳቤዎች፣ ስንት ቃለ ጉባኤዎች በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ተኝተዋል። ባይቶቹ የላቲን ናቸው፤ ግዕዝ የሚያስመስላቸው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። የፋይሉ ዓይነት «የወርድ ሰነድ» ይላል፣ እውነት ነው። ስም፣ ባይት፣ ዓይነት ሁሉም ተስማምተው ደብዳቤው አይነበብም። ይህን የሚሸከም ማይም ታይፕ የለም። እኔ ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። የወርድ ሰነዱን ዚፕ ከፍቼ የፎንቶቹን ዝርዝር አነባለሁ። ከቆዩት የግዕዝ ፎንቶች አንዱ ካለ ለመርማሪው ማስጠንቀቂያ ይወጣለታል። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ሌላ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ።

ዛሬ ማታ የድሮውን ኢነም አጠፋሁት። አርባ መስመር አይሞላም። ከዚያ የመምህሩን የመጀመሪያ ፋይል፣ ያንን ሦስት ጊዜ የመለስነውን፣ በአዲሱ ኮድ አሳለፍኩት። ላኪው ያለው፦ ሄይክ። ባይቶቹ ያሉት፦ ሄይክ። ውሳኔ፦ ምስል ነው፣ ይግባ። አራተኛውንም ሞከርኩት። ላኪው ያለው፦ ጄፔግ። ባይቶቹ ያሉት፦ ሄይክ። ውሳኔ፦ ምስል ነው፣ ይግባ። ሁለቱም ወደ ጄፔግ ተለውጠው ለመርማሪው ተከፈቱ።

«ፋይልዎ ትክክል አይደለም» የሚለውን መልእክትም አውጥቼዋለሁ። በምትኩ «ይህን ዓይነት ፋይል ለጊዜው መክፈት አልቻልንም። ያስገቡት ተቀምጧል፤ አይተን እንደውልልዎታለን» ይላል። ታናሿ ናት ያረመችው፤ «እንደውልልዎታለን» የሚለው የእሷ ነው።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን እደውላለሁ። ፎቶው ከመጀመሪያውም ደህና እንደነበር ከእኔ አፍ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።