ፓስወርዱ ልክ ነበር

ሦስት ሌሊት በላብኝ። ጥፋቱ ደግሞ አንድ መስመር ነው።

ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጭኜ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ፎቶና ዶክመንት የሚያስቀምጥበት የኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ ማስተላለፊያ) ሰርቨር ላደርገው ነበር ያሰብኩት። ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ሰጠሁት። ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለውን የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ጫንኩ፣ ሴቲንጉን ነካካሁ፣ ዩዘር ፈጠርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ፋይልዚላ በሚባለው የኤፍቲፒ መግቢያ ፕሮግራም ልገባ ስል፦ 530፣ ሎግኢን ኢንኮሬክት፣ ማለትም መግቢያው ልክ አይደለም።

ፓስወርድ ተሳስቻለሁ አልኩና ቀየርኩት። 530። በቁጥር ብቻ አደረግኩት። 530። ዩዘሩን አጥፍቼ እንደገና ፈጠርኩት። ያው ነው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ፋየርዎሉን አጠፋሁ፤ ይሄንን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። ሰርቨሩ 530 ብሎ ከመለሰልኝ እኮ ደርሼበታለሁ ማለት ነው። ፋየርዎሉ ዘግቶብኝ ቢሆን ፓስወርድ እስከመጠየቅም አንደርስም ነበር። አልሰማ ብዬ ሰርቨሩንም ነቅዬ እንደገና ጫንኩት።

መልእክቱ ነው ያናደደኝ። ዩዘሩ ባይኖርም፣ ቢታገድም፣ ፓስወርዱ ቢሳሳትም የሚመልሰው ያንኑ 530 ነው። ለሰርጎ ገብ ፍንጭ ላለመስጠት እንደሆነ ይገባኛል። እዚህ ቤት ግን ሰርጎ ገቡ እኔው ነበርኩ።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ሆን ብዬ የተሳሳተ ፓስወርድ አስገባሁና የሲስተሙን የመግቢያ ሎግ (መዝገብ) ከፈትኩ። ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል መስመር ተጽፏል። ትክክለኛውን ሳስገባስ? 530 መጣ፣ ያ መስመር ግን የለም! ፓስወርዱ አልፏል ማለት ነው። የሚመልሰኝ ከእሱ ቀጥሎ የቆመ ሌላ ዘበኛ ነው።

ዘበኛው ፓም (ሊኑክስ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚልበት ክፍል) ውስጥ፣ የዩዘሩን ሼል (ሲገባ የሚከፈትለትን የትዕዛዝ መቀበያ ፕሮግራም) የምትፈትሽ አንዲት መስመር ሆና ተገኘች። ዩዘሩን ስፈጥር የተከተልኩት መመሪያ «ለደህንነት ሼሉን ኖሎግኢን አድርገው» ብሎኝ ነበር፤ ኖሎግኢን ዩዘሩ ገብቶ ትዕዛዝ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሼል ነው። ዴቢያን ላይ ግን ከቪኤስኤፍቲፒዲ ጋር የሚመጣው የፓም ፋይል፣ ሼሉ ኢቲሲ በሚባለው የሴቲንግ ፎልደር ውስጥ ባለው የሼሎች ዝርዝር ላይ ያልተጻፈን ዩዘር አያስገባም። ኖሎግኢን ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም። መመሪያው ግማሹን ነግሮኝ ግማሹን ዋጠው።

ብዙ ሰው ያቺን የፓም መስመር ዝጋት ይላል። አልስማማም፤ ፍተሻው ለሁሉም ዩዘር ነው የሚጠፋው። እኔ አንድ መልእክት አሳይታ የምትዘጋ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። ዝርዝሩ ላይ ጨመርኳትና የዩዘሩ ሼል አደረግኳት። 530 ወዲያው ጠፋ። በፈንታው 500 መጣ፣ ግን ያኛው ቢያንስ ምክንያቱን ይናገራል፦ ዩዘሩ የተቆለፈበት ዋና ፎልደር መጻፍ የሚፈቀድበት መሆን የለበትም። የመጻፍ ፈቃዱን አነሳሁና ውስጡ ሌላ ፎልደር ሠራሁለት። አለቀ።

ስለዚህ 530 ካያችሁ ፓስወርዱን አትንኩት። መጀመሪያ አውቃችሁ ተሳሳቱና የተሳሳተውና ትክክለኛው ፓስወርድ ሎጉ ላይ የሚያስጽፉትን አስተያዩ።

ከወር በኋላ ኤፍቲፒን ጭራሽ ተውኩት። ቤት ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም የሚሉ አሉ፤ ፓስወርድ ሳይመሰጠር ሲያልፍ ማየት ግን ደስ አይልም። በምትኩ በያዝኩት ኤስኤፍቲፒ (ሁሉንም መስጥሮ የሚያስተላልፍ) ላይ፣ ዩዘሩን ፋይል ከማስተላለፍ ውጪ እንዳይችል ስገድበው፣ ያ ኖሎግኢን ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሠራ። ስክሪፕቷ ግን እዚያው አለች። ልሰርዛት አልጨከንኩም።