የአባዬ ቀኝ እጅ

ዛሬ ከሰዓት አባዬን ይዤ ጣና ዳር ወጣሁ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ቡና ሲመጣ ሲኒውን በዚያው እጅ ካላነሳሁ አለ። ጣቶቹ ቀስ ብለው ከበቡት። ትንሽ ከፍ አደረገውና ግማሹ ፈሰሰ። ዝም ብዬ በሶፍት ጠረግኩ።

ድንገት «ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ያደርጋሉ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ፈርቷል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ትዝ የሚለው ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው ሕክምና ነው። እሱ ሌላ ነው፤ በማደንዘዣ የሚሰጥ፣ ለከባድ ድብርት በጣም የሚረዳ።

አባዬ የሰማው ቲዲሲኤስ የሚባለውን ነው። ቆዳ አይቀደድም፣ አጥንት አይበሳም። በጨው ውሃ የተነከሩ ሁለት ስፖንጆች ጭንቅላት ላይ ይታሰራሉ። ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፒር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ለ20 ደቂቃ ያህል ያልፋል። ታካሚው ነቅቶ ቁጭ ብሏል። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ማሳከክ ወይም መንዘር ነው። ኤሌክትሪኩ የአንጎል ሴሎችን በግድ አያስነሳም። ለመነሳት ያላቸውን ዝግጁነት ነው ከፍ ዝቅ የሚያደርገው። ለድብርት፣ ለማይለቅ ሕመም፣ ከስትሮክ በኋላም ለማገገም ይሞከራል። ስትሮክ ላይ ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ የሚሞከረውም በአብዛኛው ከእጅ ልምምድ ጋር ነው። እባካችሁ ቤት ውስጥ በባትሪ እንዳትሞክሩት!

አባዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «እንግዲያ ልምምዱ አይቀርልኝም» አለ።

«አይቀርልህም አባዬ።»

ደንገል የጫነች ታንኳ እስክታልፍ ዝም አለ። ከዚያ «በይ ሌላ ቡና እዘዥልኝ» ብሎ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አወጣ።