ያቺ ጎጆ ቤት

ዲቪ የደረሰው አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ልጄ እንግሊዝኛውን በካርቱን ለምዳዋለች፤ እዚያ ትምህርት ቤት አትቸገርም፣ አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ስመጣ እንደዚሁ አስብ ስለነበር የደረሰብኝን አጫወትኩት።

ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንደኛ ክፍል ስትገባ እንግሊዝኛ ለሚለምዱ ሕፃናት በተዘጋጀው ክፍል ተመደበች። የትምህርት አሰጣጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ አርጩሜ እያየን ቃላት ከሸመደድንበት በእጅጉ ይሻላል፤ መምህርቷ የሥዕል መጽሐፍ ትገልጥና ጽሑፉን ከማንበቧ በፊት ልጆቹ ታሪኩን ከሥዕሉ እንዲገምቱ ታደርጋለች። ወላጆች በተጋበዝንበት ቀን ግን የጓደኞቻቸውን አገር እንዲያውቁ ተብሎ የተገለጠው መጽሐፍ የሣር ጎጆ፣ የተሰነጣጠቀ መሬትና ጀሪካን የተሸከመች ቀጭን ልጅ ይዞ ብቅ አለ። «ቤታችሁ እንዲህ ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገችው ልጄ «አይደለም» ብላ አንገቷን ደፋች። መምህርቷም በፍጹም ቅንነት ጎንበስ ብላ፣ «አይዞሽ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም» አለቻት። እኔን ያንገበገበኝ ያ «አይዞሽ» ነው፤ ጎጆ ቤትማ አያቷ የተወለዱበት ነው፣ ምን ነውር አለው? በእኛ ቤት ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን የሚደፋው ለአክብሮት መሆኑንስ ማን ይንገራት?

እልህ ይዞኝ በሳምንቱ የላሊበላና የአክሱም ፎቶዎች ያሉበት ትልቅ መጽሐፍ ተሸክሜ ሄድኩ። ስለ 3 ሺህ ዓመት ታሪክ ሳብራራ ልጆቹ የጫማቸውን ክር ሲፈቱና ሲያስሩ ቆዩ።

በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ እጦት የቆየ ችግር ነው፤ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሳሉ ይህንኑ ማየታቸው ነው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሾላውን የልጆች ቤተ መጻሕፍት እስከ መክፈት ያደረሳቸው። እኛም ከልጄ ጋር የራሳችንን 8 ገጽ መጽሐፍ ሠራን፤ እሷ ሣለች፣ እኔ ከሥር በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ፤ ርዕሱ «ጉርሻ» ሆነ። በሦስተኛው ገጽ ላይ የአያቷ እጅ ከነጉርሻው ወረቀቱን ሞልቶት ነበርና፣ ከኤልሳልቫዶር የመጣው የክፍል ጓደኛዋ ገና ሲያየው አፉን ከፈተ።

ወዳጄን ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የሰፈሩን፣ የደረጃውንና የጎረቤቶቹን ፎቶ በሻንጣው እንዲይዝ፣ ልጁም «ቤቴ ይህ ነው» የምትልበትን ገጽ ራሷ እንድትሥል መክሬዋለሁ።

መምህርቷ መጽሐፋችንን ወድዳው ክፍሉ እውነተኛ ጉርሻ እንዲቀምስ ጠየቀችኝ። በማግስቱ የምግብ አለርጂ ቅጽ በልጄ ቦርሳ ተላከልኝ፤ ከግርጌውም በእጅ ጽሑፍ «እባክዎ ለእያንዳንዱ ልጅ ማንኪያ ይዘው ይምጡ» ይላል።